የጋሽ ይመር ቅንድብ

ደሴ መናኸሪያ፣ ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡40

ወያላው "ሐይቅ! ሐይቅ! ሁለት ሰው!" እያለ ይጣራል። እኔ ከመጣሁ እንኳ ሰባት ሰው ጭኗል፤ ሁለቱ ሰው ግን እስካሁን አልሞላም። የጦሳ ተራራ ጉሙን እስከ ወገቡ ለብሷል። ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውንም ጃኬቱንም እስከ አፍንጫው ስቦ ስለቆመ ዓይን እንጂ ፊት የለም፤ ይሄ ለእኔ ዓይነቷ ሠዓሊ ሠርግና ምላሽ ነው። ደብተሬን አውጥቼ አምስት ጥንድ ዓይን ሣልኩ። አንደኛው ጥንድ የወያላው ነው፤ ሥዕሉ ላይ ዓይኖቹ አፍ አውጥተው "ሁለት ሰው!" ይላሉ።

ገጼን ገና አሁን ለምታገኙት ልተዋወቅ። ሥራዬ መሣል ነው። በየሐሙሱ አንድ ሥዕል እለጥፋለሁ፤ ባንክ ቤት ወረፋ የያዘ ፍየል፣ መነጽር አድርጋ ባጃጅ የምትነዳ አህያ፣ ጥላ ይዘው በዝናብ የሚሟገቱ ዳክዬዎች። የጎን ሥራም አላጣም። ስቲከር አትማለሁ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ የወረቀት ቴአትር እሠራለሁ፣ ዘንድሮ ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ጀምሬያለሁ። እናቴ ይህን ሁሉ አይታ አሁንም "መቼ ነው ሥራ የምትይዢው?" ትለኛለች።

የዛሬው ጉዞ ቃሌን ለመጠበቅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ጋሽ ይመር የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ታንኳቸውን እየቀዘፉ ሲመጡ በእርሳስ ሣልኳቸው። ነጭ ጢም፣ መሐሉ በጠባሳ የተሰነጠቀ ቅንድብ፣ ሁለት ጥርስ የጎደለው ሳቅ። ቤቴ ስገባ ታብሌቴ ላይ አንስቼ ተጫወትኩበት። ጢማቸውን ውሃ አደረግኩትና ዓሣ ለቀቅኩበት፣ ኮፍያቸው ላይ ዳክዬ አስቀመጥኩ፣ ታንኳቸውን ኮንጎ ጫማ አደረግኩት። ጋሽ ይመር በኮንጎ ጫማቸው ገጹን ከግራ ወደ ቀኝ እየቀዘፉ ይሄዳሉ። እንደዚያ የተወደደልኝ ሥዕል የለም፤ የብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ አለ።

ያኔ "በፍሬም አድርጌ ይዤልዎት እመጣለሁ" ብያቸው ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን ፍሬሙ በፎጣ ተጠቅልሎ ጉልበቴ ላይ ነው። የያኔውንም የእርሳስ ደብተር፣ አብረን አይተን እንድንስቅ ብዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

12 ሰዓት ሲሆን "ሁለቱ ሰው" ሞሉና ተነሳን።

ሐይቅ ከተማ፣ 1፡30

ቦሩ ሜዳ ላይ ፀሐይዋ መስኮቱን ሰብራ ገባች። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ባሕር ዛፍ፣ የጤፍ ማሳ፣ በአንድ እጇ ጀሪካን በአንድ እጇ ስልክ የያዘች ሴት፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። አንዱን ኩርባ ስንዞር ሐይቁ ሳይታሰብ ይመጣል። እስጢፋኖስ ገዳም በዛፎቹ ተሸፍኖ ከማዶ ይታያል። ሴት ስለማይገባበት ሁልጊዜም የምስለው ከሩቅ ነው፤ ዛፎቹን ብቻ።

ከሚኒባሱ እንደወረድኩ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፊት ለፊቴ የቆመው ባጃጅ ኋላ ላይ ሥዕሌ ተለጥፏል፤ ጢሙም፣ ዓሣውም፣ ኮንጎ ጫማውም። እኔ አትሜ አላውቅም፤ ማን እንዳተመውም አላውቅ። የሚያናድድ ነገር ነበር፤ ግን አልተናደድኩም፣ በደስታ ልፈነዳ ነበር። የገዛ ሥዕሌ በባጃጅ ሲዞር አየሁ እኮ! ሹፌሩን፣ ሰይድ ይባላል፣ ሥዕሉን ማን እንደሰጠው ጠየቅኩት።

"ፎቶ ቤት ነው የተሠራው፤ ግማሹ ባጃጅ ለጥፎታል" አለኝ። "የኛው ሰፈር ሰው ናቸው፣ ጋሽ ይመር። ነፍሳቸውን ይማርና።"

ክው አልኩ። ፎጣውን እንደታቀፍኩ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንዳልኩ እንኳ አላስታውስም፤ ብቻ ሰይድ ፊቴ ሲገረጣ አይቶ አስቀመጠኝና ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ። ጋሽ ይመር ታመው ሳምንት ሳይሞላቸው ማረፋቸውን፣ ሁለት ወር ማለፉን፣ ክርስቲያኑም እስላሙም እንደቀበራቸው ነገረኝ። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ መሆኔን ስነግረው ሞተሩን አጠፋ።

"ወላሂ አንቺ ነሽ?" አለ። "ለአርባቸው የወጣውም እኮ ያንቺው ሥዕል ነው።"

ሁለተኛው ድንጋጤ ይሄ ነው። እስቲ አስቡት፤ ድንኳን ተጥሏል፣ ቄስ ተቀምጧል፣ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፣ መሐል ላይ ደግሞ ዳክዬ የተሸከሙ ጋሽ ይመር በኮንጎ ጫማ። ሰይድ የመሰለኝ ገብቶት ሳቀና "ኧረ እንደዚያ አይደለም፤ ነይ ላሳይሽ" አለኝ።

ፎቶ ቤቱ፣ 2፡15

ፎቶ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ሙሽሮች፣ ተመራቂዎችና ሟቾች ተደባልቀው ተሰቅለዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጋሽ ይመርን አገኘኋቸው። ኮትና ከረባት ለብሰዋል። ከኋላቸው ፏፏቴ ይወርዳል፣ ጽጌረዳ አብቧል። ፊቱ የእኔ ሥዕል ነው፤ እያንዳንዷን መስመር አውቃታለሁ። ዓሣ ግን የለም፣ ዳክዬም የለም።

ባለሙያው ኩራቱን አልደበቀኝም። ጋሽ ይመር በዕድሜያቸው ፎቶ የተነሱት ለመታወቂያ ብቻ ነበር፤ መታወቂያውን ደግሞ አንድ ቀን ታንኳ ላይ ሲያጎነብሱ ሐይቁ በልቶታል። ልጆቻቸው ግራ ሲገባቸው አንዱ ስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል አወጣ። ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ከጢሙ ለመልቀም ሁለት ቀን እንደፈጀበት ነገረኝ። ኮቱ የሌላ ሰው ነው፤ የአንድ ሙሽራ።

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ጨመረበት። በአርባው ዕለት ሚስትየዋ፣ እማማ የሺ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ተነሥተው ፎቶውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙረው አስቀመጡት። "ይሄ ሰውዬ ማነው? ባሌን አምጡልኝ" አሉ። ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶው ያለበት ክፍል አልገባም ብለው በረንዳ ላይ ማደር ያዙ። ልጆቻቸው ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው ብለው አምባሰል ወስደው ጠበል አስገብተዋቸዋል።

ሐይቅ ዳር፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ሰይድ ከነባጃጁ የጋሽ ይመር ቤት ድረስ አደረሰኝ። ልጃቸው አራጋው መረቡን በር ላይ ዘርግቶ ሲጠግን ነበር። ማን መሆኔን ሲሰማ መረቡን ጥሎ ተነሣና ጉንጬን ደጋግሞ ሳመኝ። አባታችንን ያተረፍሽልን አንቺ ነሽ፣ አንቺ ባትኖሪ መልኩ ጠፍቶ ነበር አለኝ። እንጀራ በዓሣ ወጥ ቀረበ፤ ብይ ብይ ተባልኩ። የተሰቀለው ባለ ከረባት ጋሽ ይመር ከላይ ያዩኛል፤ የእኔ ፍሬም ደግሞ እንደተጠቀለለ እግሬ ሥር ነው።

ስለ እናቱ ጠየቅኩት። አራጋው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሁለተኛ ሱባዔዋ ነው አለ። በየማለዳው ይጠመቃሉ። ጠበሉን የሚያጠምቁት አባት "እናትህ ሐዘን እንጂ ሌላ የለባትም" ብለውታል፤ እሱ ግን ሰማንያው የፊታችን እሑድ ነው፣ በሰው ፊት እንዳርባው ከሆነችብን በምን እንወጣዋለን ብሎ ሰጋ። እና ምንድነው የሚሉት፣ ፎቶውን ምን ሆነ ነው የሚሉት አልኩት።

"ጠባሳው በኔ በኩል ነበር ትላለች" አለ አራጋው። "አባባ ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ስለዚህ አርባ ዓመት ሙሉ በቀኙ እንጂ በግራው ተቀምጣ አታውቅም። ጠባሳውን ሳየው ነው የኖርኩት ትላለች። እኛ ግን ሥዕሉን አየነው፤ ከቀኝ የለም።"

እሱና እህቱ ተከራክረውበት ነበር። እሱ ግራ ነው አለ፣ እህቱ ቀኝ ነው አለች፣ ሁለቱም እርግጠኛ አልነበሩም። የአባትሽ ጠባሳ በየትኛው ቅንድብ ላይ ነው ብባል እኔም የአባቴን በትክክል መናገሬን እንጃ። በመጨረሻ ሥዕሉ ፈረደ። ሠዓሊዋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያየች ነው የሣለችው፣ እማዬ ናት የተሳሳተችው ተባለ።

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ሦስተኛው ድንጋጤ እንደ ሁለቱ አይደለም፤ ከራሴው ነው የመጣው።

እኛ ሠዓሊዎች ሥዕል እንገለብጣለን። ታብሌት ላይ አንዲት ምልክት አለች፤ ሲነኳት ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። የለመደ ዓይን ያለፈውን ጉድለት ሲገለበጥ ያየዋል፤ ለዚያ ነው የተሠራችው። አንዳንዶቻችን ግን መልሰን ሳንገለብጥ እንተዋለን። እኔ ደግሞ አመል አለብኝ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እንደ ጽሑፋችን ወደ ቀኝ ሲሄድ ደስ ይለኛል። ፍየሉን ገልብጬዋለሁ፣ አህያዋን ገልብጫታለሁ። ፍየል ቢገለበጥ ማን ይከሰኛል? ጋሽ ይመርንም አንድ ምሽት፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ በአንዲት ጣት ገለበጥኳቸው።

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። እዚያው መክፈት እችል ነበር። ያንን ሁሉ ምስጋና ጎርሼ እንዴት ብዬ ልክፈተው? ፈራሁ። ብቻ እማማ የሺ ዘንድ ውሰደኝ አልኩት።

ወደ አምባሰል፣ 7፡30

በውጫሌ ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር፣ መስኮት ዳር። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ታቅፈዋል። አራጋው ከፊት ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ዶሮዋን ቀበቶ አስሬ እስላት ነበር። አሁን ግን ደብተሩን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ አንዴ ያየሁት በቃኝ። ጠባሳው በቀኝ ቅንድባቸው ላይ ነው። በእማማ የሺ በኩል።

የአምባሰል ገደል በስተግራ አብሮን ይሄዳል። እንደዚህ ያለ ግድግዳ ፊት ለፊትህ ቆሞ ውሸት ለመፈብረክ ይከብዳል፤ እኔ ግን ሞከርኩ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ሰማንያው ያልፋል፣ ፎቶው ይሰቀላል፣ ልጆቹ ያመሰግኑኛል፣ እማማ የሺም ቀስ በቀስ ይለምዱት ይሆናል። ይሄን ሁሉ አሰብኩ። እንዳላሰብኩ አድርጌ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ።

ውጫሌ ወርደን ወደ ጠበሉ በእግር ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ድንጋያማ፣ ግራና ቀኙ ቁልቋል። አራጋው ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ጫማዬ ለዚህ መንገድ እንዳልተሠራ እያየ ይሥቃል። መሐል ላይ ጠርቼ አስቆምኩትና ነገርኩት። የጣቷን ነገርም፣ የሻዩንም። ደብተሩን አሳየሁት።

መጀመሪያ አልገባውም። ስልኩን አውጥቶ ሥዕሉን ከደብተሩ ጎን ያዘው። ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ አየሁ። ከዚያ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

"እኔ ነኝ እጇን ይዤ ያስጠመቅኳት" አለ። "አሥራ አንድ ቀን።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ጠበሉ ግቢ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

እማማ የሺ ፀሐይ የሚሞቅ ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ ማለዳ የረጠበው ነጠላቸው አጠገባቸው ተሰጥቷል። አእምሯቸው የተነካ ሰው አልነበሩም። ልጃቸው ቀና ብሎ እንደማያያቸው ገና ከሩቅ ልብ ብለዋል፤ "ምን ሆነህ ነው?" አሉት። እሱን ቀድሜ እኔ መለስኩ፤ ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

"ያንን ሰውዬ አምጥተሽልኝ ከሆነ" አሉ ፊታቸውን አዙረው፣ "ይዘሽው ሂጂ፣ ልጄ።"

ተንበረከክኩ። ልክ እርስዎ ነዎት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ግራውን ቀኝ አድርጌ አዙሬባችኋለሁ አልኩ። ደብተሩን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

አዩት። ረጅም ጊዜ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አንስተው ቅንድቡ ላይ አሳረፉ። እርሳሱ ትንሽ ደበዘዘ፤ ማንም ሥዕሌን ሲነካ እጮኻለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ተውኳቸው። ደብተሩን ግንቡ ላይ አስደግፈው አቆሙት። ተነሥተው ዞሩና ከጋሽ ይመር በስተቀኝ፣ ከጠባሳው በኩል፣ ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

"እኔስ እውነትም አእምሮዬ የለቀቀኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። "አርባ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ መልኩን ሳላውቀው ቀረሁ ወይ እያልኩ ራሴን ስጠረጥር ነው የከረምኩት።"

አራጋው እግራቸው ላይ ወደቀ። ሰማይ ምስክሬ ነው፣ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ራሱን ዳበሱት፤ ከዚያ ተነሥ፣ ይቅር ብዬሃለሁ አሉት። ቀጥለው ደግሞ፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣

"ውሃው ግን በጣም ይቀዘቅዝ ነበር" አሉ።

እኔም አለቀስኩ። እኔን ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ እስካሁን አላውቅም። ብቻ ደብተሩን እንደገና አንስተው ወደ ዓይናቸው አቀረቡና የገጹን የግራ ጠርዝ በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። እዚያ፣ ታንኳው በሚሄድበት በኩል፣ ዳር ላይ የቆመች ነጠላ የለበሰች ሚጢጢ ሴት አለች። ሦስት መስመር ብትሆን ነው። ጠርዙ ላይ ቦታ ስለያዘችብኝ ታብሌቴ ላይ ሳነሣው ቆርጫት ነበር።

"ይቺ እኔ ነኝ" አሉ። "ዓሣውን ልቀበለው ወጥቼ ነው።"

ደብተሬን ቀድጄ አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ሕግ ነው። ያችን ገጽ ግን ቀድጄ ሰጠኋቸው።

ሐይቅ፣ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት

እማማ የሺ ዛሬ ከእኛ ጋር ወረዱ። ፎቶ ቤቱ አዲሱን ሲሠራ አናቱ ላይ ቆመዋል። ባለሙያው ኮቱ እንኳ ይቆይ ብሎ ለመናቸው፤ "ኮት አልነበረውም" ብለው ዘጉት። ፏፏቴውም ቀረ። ሚጢጢዋ ሴት ትግባ ወይ ሲባል ጥቂት አሰቡና ትግባ አሉ። እሑድ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆመው ይሄ ነው።

ያመጣሁትን ፍሬም ለማሳየት አፍሬ ነበር፤ ራሳቸው ፎጣውን ገለጡት። ዓሣዎቹን፣ ዳክዬውን አዩ። ኮንጎ ጫማው ጋ ሲደርሱ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ይሄንንስ እሱም ቢሆን አያደርገውም አይባልም አሉ። ግን ፍሬሙን አልወሰዱትም። አስተካክዬው እንድመለስ ነገሩኝ። ሰይድ የባጃጁን ስቲከር በቢላዋ እየፋቀ ነው፤ ሌሎቹም ጋ እሄዳለሁ ብሏል።

አሁን የናንተ ተራ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ አዲሱን ሥዕል ከሥሩ ለጥፌ ነው። ዓሣውም፣ ዳክዬውም፣ ኮንጎ ጫማውም አሉ። ስልካችሁ ላይ ያለውን አውጡና እዩት፤ ጋሽ ይመር ወደ ቀኝ የሚቀዝፉበት ከሆነ አጥፉልኝ። እሳቸው የሚሄዱት ወደ ግራ ነው። እዚያ ዳር ላይ ሚስታቸው ቆመው እየጠበቋቸው ነው።